ከ23 ኪሎ በላይ አይነሳም

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በኮሚኒቲያችን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ማታ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ እንዲህ ጻፍኩት። ያወጣሁት ሳሉንና የማይክራፎኑን ጩኸት ብቻ ነው።

እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት ይቺን እዩልኝ። የሻንጣ ሚዛን ናት። መንጠቆዋን እጀታው ላይ ሰክታችሁ ወደ ላይ ታነሳላችሁ፤ ቁጥሩ ይወጣል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይቺን የማያውቅ ሰው አለ? የለም። ሁላችንም አንድ ቀን ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክከን፣ ከአንዱ ሻንጣ ጫማ እያወጣን ሌላው ውስጥ ስንጠቀጥቅ ታይተናል። 23 ኪሎ ስንት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ክንዳችን ያውቀዋል፣ ወገባችንም ያውቀዋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቴሌስኮፕ ነው። ግን ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚች ሚዛን ዙሪያ ነው።

እኔ የሥነ ፈለክ ሊቅ አይደለሁም። ገጣሚ ነኝ። የግጥም ሳይሆን የኪችን ካቢኔት። ቀን ቀን የሰው ኩሽና እገጥማለሁ። ማታ ማታ፣ ሰማዩ ከጠራና ባለቤቴ ከፈቀደች፣ ኮከብ አያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ወደ ትንሽ አፓርታማ ሊገቡ ሲሉ ቴሌስኮፓቸውን ሸጡልኝ። በጣም ርካሽ ነበር። ለምን እንደረከሰ የገባኝ ልጭነው ስሄድ ነው።

ባለ 16 ኢንች ነው። 16 ኢንች የሚባለው የመስታወቱ ስፋት ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ብዙዎቻችን እዚህ አገር እንጀራ የምንጋግርበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ አስቡት። እሱም 16 ኢንች ነው። ያን የሚያህል፣ መሃሉ በጥቂቱ ጎድጎድ ያለ፣ ፊቱ በስስ አሉሚኒየም የተለበጠ መስታወት ከቱቦው ግርጌ ተቀምጧል። የኮከቡ ብርሃን ከላይ ይገባል፣ ታች ይደርሳል። መስታወቱ ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አናቱ አጠገብ ያለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ደግሞ ወደ ጎን ታወጣዋለች። ዓይናችሁን የምታስጠጉት እዚያ ጎን ላይ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራት የመጀመሪያዋ እንዲህ ነበረች፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጨለማ ውስጥ የወጣት ሰው ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ይህ መስታወት ከዚያች ብሌን 3,300 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ጣጣው ቱቦው ነው። ኮንክሪት ምሰሶ ሲሞላ እንደ ፎርም የሚያገለግል ወፍራም የካርቶን ቱቦ አለ፤ ኮንስትራክሽን የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። እሱ ነው። ስፋቱ ግማሽ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80። ከነመስታወቱ 52 ኪሎ ይመዝናል። የሚቀመጥበት ሳጥን ደግሞ ቺፑድ ነው፤ 34 ኪሎ። ባንድ ላይ 86።

በመጀመሪያው ዓመት ከጋራዥ ያወጣሁት 4 ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ልንገራችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ፒካፑን ይዞ መጣ። ቱቦው እንዳይጫር በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። እኔ በእግሩ በኩል፣ እሱ በራሱ በኩል ይዘን፣ ቀስ ብለን ስንወጣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ውሻዋን ይዛ ቆማለች። ቁመቱን አየች። ብርድ ልብሱን አየች። እኛን አየች።

"ቴሌስኮፕ ነው" አልኳት።

ሳይጠይቁህ ስትመልስ ደግሞ ይብሳል። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡን ከፍቼ፣ ብርድ ልብሱን ገልጬ ካላሳየኋት አይሆንም አልኩ። አሳየኋት። እስካሁን ሰላምታዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ወገቤ ተያዘ። ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ባለቤቴ ብዙ አልተናገረችም። "ወይ ይውጣ፣ ወይ ይቅለል" አለች።

ቀላሉ መንገድ ሸጦ ትንሽ ቴሌስኮፕ መግዛት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ካላችሁት መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች ግዙና ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገሉ። እኔ ግን በዚያ በ16 አንድ ጊዜ አይቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ማነስ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ መነኩሴ ላውራችሁ። ጆን ዶብሰን ይባላሉ። የተወለዱት ቤጂንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1915፤ ያደጉት ሳን ፍራንሲስኮ። ኬሚስትሪ ተምረው በ1944 የቬዳንታ ገዳም ገቡ፤ መሠረቱ የሂንዱ ትምህርት የሆነ ገዳም ነው። እዚያ ሆነው ከመርከብ መስኮት የተረፈ ወፍራም ክብ ብርጭቆ እየለቃቀሙ፣ በእጃቸው እየሞረዱ፣ ቴሌስኮፕ ይሠሩ ጀመር። ሌሊት ጎማ ላይ አድርገው ወደ ሰፈር ይወጡና ላላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። አለቆቻቸው አልወደዱላቸውም። በ1967 ከገዳሙ እንዲወጡ ተደረገ። በዓመቱ ከወጣቶች ጋር ሆነው በእግረኛ መንገድ ላይ ሰማይ የሚያሳይ ማኅበር አቋቋሙ። በ98 ዓመታቸው፣ በ2014 እስኪያርፉ ድረስ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖሩ።

ከሳቸው በፊት ትልቅ ቴሌስኮፕ ማለት ብረት፣ ጥርስ፣ ሞተር ማለት ነበር። እሳቸው ያን ሁሉ ጥለው ቱቦውን እንደ መድፍ እንጨት ሳጥን ላይ አጋደሙት። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። የሚንሸራተተው በቴፍሎን ቁራጭ ላይ ነው። በቃ። ለፈጠራቸው ፓተንት እንኳ አላወጡም። ዛሬ እንዲህ ያለው ሁሉ በስማቸው ዶብሶኒያን ይባላል፤ የኔም ዶብሶኒያን ነው። ግን የሳቸው ጭንቀት ዋጋ ነበር። የኔ ጭንቀት ወገብ ነው።

እናም አንድ እሁድ ሁሉንም ፈታሁና ይቺን ሚዛን አውጥቼ አንድ በአንድ መዘንኩ። ብሎን ሳይቀር። ደንቡ አንድ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ከ23 ኪሎ በላይ የሚመዝን አንድም ዕቃ አይኖርም። ለምን 23? ምክንያቱም ያንን ብቻዬን አንስቼ መኪና ውስጥ ማስገባት እንደምችል አውቃለሁ። ስንት ዓመት ተለማምጄበታለሁ!

መስታወቱ 14 ኪሎ ከ700 ሆነ። ባዶው ቱቦ 16። መስታወቱ የሚያርፍበት የግርጌ ሳንቃ 9፤ ሁለት ድርብ ነበር። አናቱ ላይ ያሉት ዕቃዎች ተደምረው 4። ቱቦው የሚንጠለጠልባቸው ሁለት ክብ እንጨቶች፣ ጆሮ እንላቸዋለን፣ 2 ኪሎ ከ300። ይህን ስደምር 46 መጣ። ቱቦው ግን 52 ነበር። 6 ኪሎ የት ገባ?

ግርጌውን ገልብጬ አየሁ። የጂም ክብደት! ሁለት የብረት ሳህን፣ እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ፣ በአራት አራት ብሎን ተሰንገው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን አሰብኩ። አዛውንቱ ሞኝ አልነበሩም። አናቱ ላይ ኮከቡን አስቀድሞ የሚያልሙበት ትልቅ የብረት መፈለጊያና ምስሉን የሚያጠራ ከባድ የማስተካከያ አንገት ገጥመዋል፤ ሁለቱ ብቻ 2 ኪሎ ከ400 ናቸው። አናቱ ሲከብድ ቱቦው አፍንጫውን ይደፋል። እንዳይደፋ ታች ብረት ጨመሩ።

ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህችን ነው። ልጆች ሆነን ግንድ ላይ ሳንቃ አጋድመን እንወዛወዝ ነበር። ትንሹ ልጅ ጫፉ ላይ ከተቀመጠ፣ ትልቁ ልጅ ወደ መሃል ቀረብ ብሎ ሊመጣጠነው ይችላል። ቴሌስኮፕም እንደዚያ ነው። በኔው ላይ ከጆሮው አናቱ ላይ እስካሉት ዕቃዎች 1 ሜትር ከ10 ነበር። ከጆሮው እስከ ግርጌው 44 ሴንቲ። ሁለት እጥፍ ተኩል። ስለዚህ ላይ 100 ግራም በጨመርክ ቁጥር ታች 250 ግራም መክፈል አለብህ። 2 ኪሎ ከ400 ላይ ሲጫን 6 ኪሎ ብረት ታች የመጣው በዚህ ሒሳብ ነው። ያ ብረት ምንም አያይም። ምንም አይዝም። ዕዳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማቅለል የሚጀምረው ከአናት ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። መጀመሪያ ትልቁን ሳጥን ያያል፣ መጋዝ ያነሳል፣ እንጨቱን በቀዳዳ ያበሳሳዋል። እኔም እጄ መጋዙ ላይ ደርሶ ነበር። አናቱን ስታቀል ግን ብረቱ በራሱ ይወድቃል። ብረቱ ሲወድቅ ጆሮው ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮው ሲወርድ ሳጥኑ ያጥራል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይቀልላል።

ቱቦውን ለሁለት ቆረጥኩት እንዳልላችሁ፤ ጭራሽ ተውኩት። ውስጡ ያለው አየር ብቻ ነው። ለአየር 16 ኪሎ ካርቶን ለምን እሸከማለሁ? በምትኩ ታች መስታወቱን የሚይዝ አጭር ሳጥን፣ ላይ አንድ ስስ የእንጨት ቀለበት፣ መሃላቸው ስምንት የአሉሚኒየም ዘንግ። ዘንጎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ የሚሸከመውን ካፕሪያታ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሦስት ማዕዘን አይጣመምም። ሐሳቡ የኔ አይደለም። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ላለው ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ማርክ ሰሩሪዬር የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንዲህ ያለ አጥንት ነድፎለት ነበር። አማተሮች ኋላ ላይ ከዚያ አይተው ወሰዱት።

መጀመሪያ ስስታም ሆንኩ። ስምንት ዘንግ ለምን፣ ስድስት ይበቃል አልኩ። ያውም 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ያላቸው። ገጠምኩት። ቀለበቱን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጁፒተር ለአምስት ሰከንድ ያህል እንደ እስክስታ ትከሻ ተንቀጠቀጠች። ማስተካከያውን በነካሁ ቁጥር አምስት ሰከንድ እጠብቃለሁ። በአንድ ማታ ሰለቸኝ። ስምንት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ገዛሁ፤ የቆዳቸው ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስምንቱም ከነመያዣቸው 2 ኪሎ ከ700። አሁን መንቀጥቀጡ ሰከንድ አይሞላም።

እነሱን ስቆርጥ የሠራሁትን ጉድ ደግሞ ልናዘዝ። የመጀመሪያውን ለክቼ ቆረጥኩ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ለካሁ። ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ የእርሳሱ ውፍረት እየተደመረ ተደምሮ 3 ሚሊ ሜትር ረዝሟል። ቀለበቱ አንገቱን እንደተቀየመ ሰው አዘንብሎ ቆመ። ይህ ደግሞ ሥራ ለሚለምዱ ልጆች በየሳምንቱ የምቆጣበት ስህተት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ናሙና ለኩ እያልኩ። አንደኛው ልጅ ዛሬ እዚህ አለ። ይኸው ሳቀ።

አናቱ እንዴት ሆነ? ኑና አንሱት። አንተ ልጅ፣ እዚያ ፊት ያለኸው፣ ና። ይህን ቀለበት በአንድ እጅህ አንሳ። አያችሁ? 2 ኪሎ ከ200። ጠፍጣፋዋ መስታወት፣ ማስተካከያው፣ መፈለጊያው፣ ሁሉም እዚህ ላይ ናቸው። የብረቱን መፈለጊያ ሸጥኩት። በምትኩ ይቺን ቀይ ነጥብ የምታሳይ የፕላስቲክ ገጠምኩ፤ ከእንቁላል ብዙም አትከብድም።

ከሥር የሚቀመጥበትን ሳጥን እንደ አዲስ ሠራሁት። ይህ ሙያዬ ስለሆነ ብዙ አላወራም። ቺፑድ ከባድ ነው፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎን አይዝም። ከበርች እንጨት የተሠራ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ተጠቀምኩ። ጎኑ ከ75 ሴንቲ ወደ 32 ወረደ። 34 ኪሎ የነበረው 9 ኪሎ ከ400 ሆነ።

አሁን ወደ ጣጣው ልምጣ። ቅለት በነፃ አይገኝም።

ጆሮው ዝቅ ሲል ከጆሮው እስከ አናቱ ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ27 ሆነ። ወደ ታች ግን 23 ሴንቲ ብቻ። ቅድም ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር፤ አሁን አምስት ተኩል ነው። ይህ ማለት ዓይን የምናስጠጋበትን ትንሹን ሌንስ አውጥቼ ከባዱን ስከትት፣ ልዩነቱ 900 ግራም ቢሆን፣ ታች 5 ኪሎ የጎደለ ያህል ይሰማዋል። ቴሌስኮፑ ወዲያው ይሰግዳል። መጀመሪያ ቀን ሰገደብኝ። አገጬን መታኝ።

መፍትሔው ብረት መመለስ አይደለም። ጆሮውን ማሳደግ ነው። የድሮዎቹ ጆሮዎች 16 ሴንቲ ስፋት ነበራቸው። አዲሶቹ ግማሽ ክብ ናቸው፣ ስፋታቸው 56 ሴንቲ። ልክ እንደ ትልቅ ሰፌድ ግማሽ። ጠርዛቸው በቴፍሎን ላይ ነው የሚንሸራተተው። ክቡ ሲሰፋ ያ ሰበቃ የሚይዝበት ክንድ ይረዝማል፤ ሦስት እጥፍ ተኩል አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱ 1 ኪሎ ከ400 ብቻ ናቸው፤ መሃላቸውን ቆርጬ አውጥቻለሁ። እዚህ ላይ መጋዝ ይፈቀዳል።

ቴፍሎኑም ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ኩሽና ውስጥ የተጣበቀ መሳቢያ ታውቃላችሁ። ትስበዋለህ፣ አይመጣም። ትስበዋለህ፣ አይመጣም። ከዚያ በአንዴ ሆድህ ላይ ይወጣል። ለቴሌስኮፕ ይህ ሞት ነው። ኮከቡን በጥቂቱ ልከተል ስትል ዘሎ ያልፍሃል። ቴፍሎን ሻካራ ፎርማይካ ላይ ሲሆን ለመነሳት የሚጠይቀው ጉልበትና ለመቀጠል የሚጠይቀው ይቀራረባሉ። ስለዚህ እንደ ቅቤ ይሄዳል። ግን ቁራጩ በክብደቱ ልክ መሆን አለበት። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ገደማ ሲያርፍበት ጥሩ ነው። የኔ ቁራጮች ለ86 ኪሎ የተቆረጡ ነበሩ። ክብደቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ስሜቱ ሁሉ ተበላሸ። አሳነስኳቸው፤ ሦስቱም አሁን የክብሪት ቀፎ አያክሉም። ነፋስ ሲነሳ ግን ያው ቀላል ዕቃ ነውና ይወዛወዛል። የድሮው ድንጋይ ነበር። ይህን አልደብቅም።

ለምን መስታወቱን አላሳነስከውም ያለኝ ሰው አለ። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ነው፤ የግማሹ ውፍረት ያለው አዲስ መስታወት ብገዛ 7 ኪሎ ይቀንስልኛል። እውነት ነው። ግን የመስታወቱ ፊት ትክክል የሚሆነው ከፀጉር ውፍረት በአንድ ሺኛ በሚቆጠር ልክ ነው። ስስ መስታወት በራሱ ክብደት ይታጠፋል፤ በብዙ ነጥብ መደገፍ ይፈልጋል። ዋጋው ደግሞ ከመኪናዬ ጋር ይፎካከራል። የኔው በ9 ነጥብ ላይ በሰላም ተኝቷል። አልነካሁትም። ንጉሡ ይቀመጥ፣ አሽከሮቹ ይቀነሱ ብዬ ተውኩት።

ቱቦው ሲወልቅ የመጡ ሁለት እንግዶች አሉ። አንዱ የመንገድ መብራት ነው። ክፍት አጥንት ስለሆነ ብርሃን ከየጎኑ ይገባል። ለዚህ ባለቤቴ ከጥቁር ላስቲክ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋችለት፤ 400 ግራም። "ለኔ ካሰፋህልኝ ቀሚስ ይበልጣል" ብላለች፤ እዚህ ስላለች ብቻ ነው የምጠቅሰው። ሁለተኛው ጤዛ ነው። ያቺ ጠፍጣፋ መስታወት ድሮ ቱቦው ውስጥ ተሸሽጋ ነበር፤ አሁን ራቁቷን ሰማይ ሥር ቆማለች። አንድ ማታ እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ነገር ደበዘዘ። ደመና መስሎኝ ቀና ስል ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። ያላበው የኔው መስታወት ነው። አሁን ከጀርባዋ በትንሽ ባትሪ የምትሞቅ ቁራጭ ለጥፌያለሁ። ለብ ካለች ይበቃታል።

ልጆች ያላችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። ክፍት ቴሌስኮፕ ቀን ላይ ያለ ክዳን አይተውም። እኔ አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ትቼው ቡና ልጠጣ ገባሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ልጄ "አባዬ፣ እጣን ነው የሚሸተው?" አለችኝ። እጣን አልነበረም። ፀሐይ ዞራ መስታወቱን አግኝታዋለች፣ መስታወቱ ሰብስቦ ጨርቁ ላይ አሳርፏታል። ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ፣ ጠርዙ እየጨሰ። ሰው ቆሞበት ቢሆንስ? ይኸው ቀዳዳው። በጥቁር ክር ተጥፏል።

ጠቅላላው አሁን 37 ኪሎ ከ700 ነው። ከ86። ከሁሉም የሚከብደው መስታወቱ ያለበት ሳጥን ነው፣ 21 ኪሎ ከ600። ከደንቡ 1 ኪሎ ከ400 አተረፍኩ። ለምጣዱ አይሆንም፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ ይሆናል።

ባለፈው ግንቦት ብቻዬን ይዤው ወጣሁ። ፒካፕ የለ፣ ጓደኛ የለ። መኪናዬ ኮሮላ ናት። የመስታወቱ ሳጥን የኋላ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮለት። ዘንጎቹ ታጥፎ በተኛው ወንበር በኩል ከኋላ ዕቃ መጫኛው እስከ ፊት። ሌላው ዕቃ መጫኛው ውስጥ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ቼሪ ስፕሪንግስ የሚባል የመንግሥት ፓርክ አለ፤ ከዚህ አምስት ሰዓት ገደማ ይነዳል። በዙሪያው ደን ነው፣ ከተማ የለም። ሜዳው ላይ ነጭ መብራት አይፈቀድም፤ ቀይ ብቻ። ሰው በጨለማ እየተራመደ፣ ፊቱን ሳታይ "ምን እያየህ ነው?" ይልሃል።

ሳጥኑን አስቀመጥኩ፣ ጆሮውን አሰርኩ፣ ዘንጎቹን ሰካሁ፣ ቀለበቱን ጫንኩ። 12 ደቂቃ። ቀጥሎ ሁለቱ መስታወቶች ፊት ለፊት እንዲተያዩ ማስተካከል አለ፤ ገጣጥመህ በፈታህ ቁጥር ይንቀሳቀሳሉ፣ ይህም ሌላው ዋጋ ነው። በትንሽ ሌዘር 3 ደቂቃ። ከዚያ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣሁ። መስታወቱ ከአየሩ ከሞቀ፣ ከላዩ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን እንደ አስፋልት ላይ ወበቅ ያንቀጠቅጠዋል።

አዙሪት ወደሚባለው ጋላክሲ፣ ማለትም ወደ አንድ ሩቅ የከዋክብት መንጋ፣ አዞርኩት። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ ሎርድ ሮስ የሚባሉ ባላባት በ1.8 ሜትር መስታወት አይተው ክንዶቹ እንደሚጠማዘዙ መጀመሪያ የነደፉት እሱን ነው። ከጋራዤ ደጃፍ ሁለት የደበዘዙ ጉብታዎች ሆኖ ነበር የሚታየኝ፤ በዚያው መስታወት። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ክንዶቹ ነበሩ። ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ዙሪያውን ሲጠመጠሙ አየሁ። መስታወቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ቦታው ነው። ቦታው የተለወጠው ደግሞ ዕቃው ኮሮላ ውስጥ ስለገባ ነው። ሊነጋጋ ሲል ብቻዬን ፈታትቼ ጫንኩት። ወገቤ ምንም አላለኝም።

ጥያቄ ካላችሁ ልውሰድና ወደ ውጭ እንወጣለን።

(ሦስት ጥያቄዎች ተጠየቁ። አንድ ወጣት አገር ቤት እንዲህ ያለ አለ ወይ አለኝ። ከአዲስ አበባ በላይ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንዳሉ ነገርኩት፤ እነሱ ግን ኮሮላ ውስጥ አይገቡም። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንዲህ ነበሩ።)

"ታዲያ ለምን ይዘኸው አትሄድም? ሁለት ሻንጣ አይደል የሚፈቀደው?"

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ! ሁለት ጊዜ 23፣ 46 ነው። የኔ 37 ከ700። ዘንጎቹን መሃል ላይ ቆርጬ እንዲሰካኩ ባደርግ ይገባል። እዚያ መሄዱም ያጓጓኛል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባል እጅግ ትልቅ የኮከቦች እጅብታ አለ። ከዚህ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ብቅ ይልና ዛፍ ይጋርደዋል። ከአዲስ አበባ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ ሲያበቃ ሰማዩም ይጠራል፤ ለእሱ ደግሞ የካቲትና መጋቢት ይሻላል። ጣጣው መስታወቱ ነው። በእጅ የሚፈቀደው 7 ኪሎ፣ እሱ 14 ከ700። ለሻንጣ ጫኚ አሳልፌ የምሰጥበት ልብ ገና አላገኘሁም።

ሦስተኛዋ ጠያቂ ከኋላ የተቀመጡ እናት ነበሩ። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለፍተህ አሁን እኔ በዚህ ጉልበቴ መሰላል መውጣት ሊኖርብኝ ነው?"

የለም፣ እማማ። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንኳ የሚታይበት ቦታ ከኔ ዓይን አይበልጥም። ጨረቃ አሁን ከፓርኪንጉ በስተምሥራቅ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ሲጋደምላት እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። በርጩማ የሚያስፈልገው ለልጆቹ ነው። በርጩማውን ማን ይይዝልኛል? አንተ፣ ቀለበቱን ያነሳኸው፣ አንዱን ዘንግ ያዝና ና።